እንግዛ ወይስ እንሥራ?

በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ገንዘብ የሚተዳደርበት ሶፍትዌር ይገዛ ወይስ እዚሁ ይሠራ ሲባል በስብሰባ ብቻ ሦስት ዓመት አለፈ። እስከዚያው ድረስ የተመራማሪውን ሰነድ ሁሉ በክላሰር ታቅፋ ደረጃ ለደረጃ የምትንከራተተው አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ሰብሳቢው ዶክተር ልሳነወርቅ እንደ ልማዳቸው ሲደሰኩሩ፣ ሰነድ ልታደርስ ገብታ ጥግ የተቀመጠችው ይህችው የደከማት ሴትዮ አፏን ከፍታ አዛጋች።

«አንቺ!» አሉ ቱግ ብለው። «እንግዲያው አንቺው ፍረጂ! እንግዛ ካልሽ ዶላሩን ፈልገሽ ታመጫለሽ፤ እንሥራ ካልሽ እስከ ሰኞ ሠርተሽ ታስረክቢያለሽ። ዝም ካልሽ ደግሞ ከሥራ ትሰናበቻለሽ!»

ሴትዮዋ ክላሰሯን እንዳቀፈች ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ክቡር ዶክተር፣ መግዛቱንማ ሦስት ዓመት ሙሉ ገዝተውናል፤ እስቲ አሁን ደግሞ ይሥሩ!»