መዳብ የቀደደው አየር

አንድ አንጥረኛ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። አንድያ ልጁን አንሙትን የወንዝ ሙላት ከወሰደበት ቀን ጀምሮ እንባ አላወጣም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ "ምን ዓይነት ብርቱ ሰው ነው!" እያሉ ተመለሱ። ሚስቱ ሽታዬ የልጃቸውን ስም ባነሳች ቁጥር ግን ብድግ ብሎ ወደ ወናፉ ይሄዳል።

አንድ ቀን የአገሩ ገዥ ለአዳራሻቸው ጣሪያ ጫፍ የሚሆን ድቡልቡል የመዳብ ጌጥ አዘዙት። ይርዳው ሁለት ጎድጓዳ መዳቦች ቀጥቅጦ አፍ ለአፍ ገጠማቸውና ዙሪያውን በብየዳ ደፈነው። ቀጥሎም ጎርባጣውን ሊያስተካክል፣ ሐሳቡ አብሮት ስላልነበረ መተንፈሻ ቀዳዳ ሳያበጅለት ፍም ውስጥ ከተተው።

ሽታዬ ምሳውን ይዛ ስትገባ መዳቡ እንደ ፀሐይ መጥለቂያ ቀልቶ፣ ሆዱ ቀስ እያለ ይነፋ ነበር።

"ውጪ!" ብሎ ጮኸ ይርዳው። እጇን ይዞ ጎትቶ እንዳወጣት መብረቅ የወደቀ መሰለ። ፍሙ ጣሪያ ድረስ ተረጨ፤ የጭቃው ግድግዳ ተሸነቆረ።

ሁሉም ጸጥ ሲል ተመልሰው ገቡ። ያ ወፍራም መዳብ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተርትሯል።

"ውስጡ ምን ነበር?" አለች ሽታዬ።

"ምንም። አየር ብቻ።"

"አየር መዳብ ይቀድዳል?"

"ሲሞቅ ይቀድዳል። አልጨመረም፤ ያው መጀመሪያ የነበረው አየር ነው። እሳቱ ግን ያሯሩጠዋል። ሲሯሯጥ ግድግዳውን ይመታል፤ እሳቱ በበረታ ቁጥር ምቱም ይበረታል። መውጫ ቢያገኝ በሰላም ይወጣ ነበር። መውጫ ካጣ ግን…"

ሽታዬ ዓይን ዓይኑን አየችው።

ይርዳው መሬት ላይ ተቀመጠ። "አንሙት!" አለ። "አንሙት ልጄ!" ፍንዳታውን ሰምተው የሮጡት ጎረቤቶች ሲደርሱ ባልና ሚስቱን ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አገኟቸው። ማንም "አይዞህ፣ በርታ" አላለውም። አጠገባቸው ተቀምጠው አብረዋቸው አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ለዓይን እንኳ የማይታይ አየር ተዘግቶበት ሲግል መዳብ ይቀድዳል። ሐዘንም፣ ቁጣም፣ ፍርሃትም እንዲሁ ነው፤ አፍነን በያዝነው መጠን ጉልበቱ በእኛው ላይ ይበረታል። ለሚወዱን ሰዎች አውጥቶ መንገር ሽንፈት ሳይሆን መዳኛ ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ ማንን ጠርተው የልብዎን ያጫውታሉ?