ቀበሮ፣ አህያና ፍሬን ያጣችው መኪና

አንድ ጊዜ ቀበሮ መንገድ ሠሪዎች ጥለዋት የሄዱትን አሮጌ መኪና ጠግኖ አስነሣ። ዱሩ ሁሉ ጉድ አለ። የሁለት ቀን መንገድ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ሸክምና ሕመምተኛ ስታመላልስ የኖረችው አህያም ሥራ ፈታች።

«እመት አህያ፣ እግርሽን አሳርፊው፤ ከእንግዲህ ዘመኑ የኔ ነው» እያለ ቀበሮ ይኩራራባት ጀመር።

ጅብ ግን የሚያስበው ስለ ሆዱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ «ለመሆኑ ይህች መኪና ሆዷ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ቀበሮን ጠየቀው።

«ሞተሯ ቤንዚን እያቃጠለ ጎማዋን ያዞራል። ፍሬኗ ደግሞ በዘይት ይሠራል፤ ስረግጠው ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ጎማውን ያስይዘዋል።»

ጅብ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ዘይት» የምትለዋን ቃል ነው። ቀበሮ ዞር ሲል ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ቱቦውን ቆረጠመና የፈሰሰውን ላሰ።

በዚያው ቀን የንጉሥ አንበሳ ደቦል በትኩሳት ወደቀ። መድኃኒተኛው ዝንጀሮ የሚኖረው ከተራራው ማዶ ነው። አንበሳ ደቦሉን አቅፎ መኪናዋ ውስጥ ገባና፣ «አህያም ከኋላ ትውጣ፤ መንገዱን ታውቀዋለች» አለ።

ዳገቱን ሽው ብለው ወጡት። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ ደቦሉ እንኳ ዓይኑን ገልጦ አየ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ቀበሮ ፍሬኑን ቢረግጥ እግሩ ባዶ ወረደ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ትበር ጀመር።

«ንጉሥ ሆይ፣ ፍሬን የለም፤ እንዝለል» አለ ቀበሮ።

«ልጄ በምን አቅሙ ይዘላል?» አለ አንበሳ።

አህያ ከኋላ አንገቷን አስግጋ፣ «እኔ ቁልቁለት ስወርድ ሸክሙ እንዳይገፋኝ እርምጃዬን አሳጥራለሁ። ይህችስ አጭር እርምጃ የላትም?» አለች።

«አላት፤ አንደኛ ማርሽ!» አለ ቀበሮ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ አወረደው። ሞተሩ እያጓራ ጎማዎቹን ያዛቸው። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ወርዳ ዝንጀሮው ደጅ ካለ የአሸዋ ክምር ላይ ቆመች።

ዝንጀሮው መድኃኒቱን አጠጣው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደቦሉ ተነሥቶ የቀበሮን ጅራት ይነክስ ጀመር። በማግሥቱ ጅብ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ተገኘ። «ጌታዬ፣ የሚበላ ቅባት መስሎኝ ነው» ቢል፣ አንበሳ ቱቦው እስኪተካ ድረስ የመኪናዋን ሸክም እንዲሸከም ፈረደበት። ቀበሮም ከዚያ ወዲህ አህያን ከጎኑ ሳያስቀምጥ ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ፈጣን መኪና ያገኘ ሁሉ፣ በእግሩ እየሄደ መንገዱን የተማረውን መናቅ እንደሌለበት ነው።