የጋሽ ተካልኝ ቮልስ እና የትርንጎ ሰርግ

በእኛ ሰፈር፣ ጅማ ውስጥ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት የጠባቸውን ነገር ሳያነሡ ተሳስመው ሲታረቁ፣ ወይም አንዱ የተሰነጠቀ ግድግዳውን በኖራ ሸፍኖ ቤቱን ሲያከራይ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። እንግዳ ሰው ከሰማት የጥንት አባቶች ተረት መስላው ያልፋል። የአጋሮ ሰዎች ደግሞ የእኛ ናት ይላሉ። ይበሉ፤ አፍ ዳገት አይፈራም። እኔ ግን አባባሏ በተወለደችበት ቀን፣ ለመወለዷ ምክንያት በሆነችው መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያልጣፉት ሱሪ፣ ያላሳጠሩት ቀሚስ አልነበረም። ከሁሉ የሚወዱት ሚስታቸውን እትዬ አስካለን፣ አንድያ ልጃቸውን ትርንጎን እና ሰማያዊዋን ቮልስ ነበር። ማን እንደሚቀድም እትዬ አስካለ ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም። ትርንጎ የተወለደች ጊዜ በፎጣ ተጠቅልላ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባችው በዚችው ቮልስ ነው። ገና ፊደል ሳትቆጥር «እኔ ሳገባ ከቤት የምወጣው በቮልሳችን ነው» አለች፤ አባቷም «ቃሌ ነው» አሏት። ልጅ የተናገረውን ይረሳል ይባላል። ትርንጎ አልረሳችም።

ጊዜው ደርሶ ይትባረክ የሚባል ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ላከ፤ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የልጁ ወገኖች አዲስ ነጭ መኪና እናቀርባለን አሉ። ትርንጎ ግን «አባዬ ቃል ገብቶልኛል» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ችግሩ ቮልሷ ነበረች። ላይዋን ላየ ሙሽራ ናት፤ ጋሽ ተካልኝ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሏታል። ከምንጣፏ ሥር ያለውን ግን ያየ ሰው አልነበረም፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ብረት አይምርም። ለሰርጉ እንድትሰናዳ ወደ ሙዘይን ጋራዥ ወሰዷት። ሙዘይን ጎረቤታችን ነው፤ ከትርንጎ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ በብየዳ እጁ የተመሰገነ። ምንጣፉን ገልጦ የኋላውን ወለል በካቻቢቴ ነካ ቢያደርገው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። በቀዳዳው አጎንብሰው ሲያዩ የጋራዡ መሬት ላይ ጉንዳን ሲሄድ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይሄ ወለል ሞቷል» አለ ሙዘይን። «ጤነኛ ብረት እስከማገኝ ቆርጬ አውጥቼ አዲስ ላሜራ እበይዳለሁ። ከበሩ ሥር ያለው ማገርም ተበልቷል፤ እሱንም እቀይረዋለሁ። ለሰርጉ ትደርሳለች፣ አያስቡ።»

ሙዘይን መቁረጫውን አስነሥቶ የመጀመሪያው የእሳት ፍንጣሪ ሲረጭ ጋሽ ተካልኝ ዘለው ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ተው! ተው እንጂ! ምን አድርጋህ ነው የምታርዳት?»

«ጋሼ፣ ላድናት እኮ ነው!»

«ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቢቀደድ እግሩ ተቆርጦ ይጣላል? እራፊ ታመጣና ከላይ ትጥፋለህ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስጥፍ የኖርኩት እንዴት መሰለህ?»

«ጨርቅ ክር ይይዛል። ዝገት ግን ብየዳ አይይዝም፣ ወላሂ! ዱቄት በመርፌ ስፋ እንደማለት ነው።»

«አዲሱን ከላይ አልብሳት። ከእሷ አንዲት ቁራጭ እንዳትነሣ። በሞቴ!»

በጋራዡ በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እዚያ ላይ የማይጠፉት አባ ፊጣ ናቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰው መኪና ሲጠገን እያዩ ነው የሚውሉት። «ሙዘይን፣ አትስማው፣ ቁረጥ!» አሉ።

«አባ፣ በሞቴ ብለውኝ እንዴት ልቁረጥ? ነገ አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«እሱ ምንም አይሆንም። ወለሉ ግን ሞቷል ብለሃል። የሞተ ይቀበራል እንጂ አዲስ ልብስ ይለብሳል?»

ማን ይስማ! ሙዘይን ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ እምቢ ማለትን ግን ማንም አላስተማረውም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንኳን ወለል፣ ትዳርም ያፈርሳል። አዲሱን ላሜራ በዝገቱ ላይ ደርቦ በየደው። አንዳንዱ ቦታ ያዘለት፤ ሌላው እየተበሳ አስቸገረው። በመጨረሻ ካትራም ቀብቶ፣ ቀይ ሞኬት አንጥፎ ጨረሰው። ደግሞ ማማሩ! ጋሽ ተካልኝ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ እግራቸውን በቀስታ አሳረፉና ፊታቸው በራ።

«አየህ? ጣፍካት!»

«ከኋላ ሁለት ሰው ብቻ ይቀመጥ» አለ ሙዘይን። «ዘፈኑም በለሆሳስ ይሁን።»

እስቲ በሰርግ ቀን በለሆሳስ የሚዘፍን የጅማ ሰው አምጡልኝ።

ሰርጉ ደረሰ። ጋሽ ተካልኝ መሪዋን ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው ያዙ። እትዬ አስካለ «የሙሽራ አባት ቤቱ ተቀምጦ ይመርቃል እንጂ ሾፌር ይሆናል?» ብትል የሚሰማት አላገኘችም። ከፊት የትርንጎ ክርስትና እናት ተሰየሙ፤ እሳቸውን ማን ደፍሮ ያስነሣል? ከኋላ፣ ሁለት ሰው ብቻ በተባለው ወንበር ላይ፣ አራት ሆነን ታጨቅን፦ ትርንጎ፣ ይትባረክ፣ ጎተራ የሚያህለው አንደኛ ሚዜ፣ እና ቬሎዋን የያዝኩት እኔ።

ሰፈርተኛው ከፊታችን እየጨፈረ ስለሚሄድ መኪናዋ የምትጓዘው በሰው እርምጃ ነበር፤ እግዜር ይስጠው ያን ጭፈራ። ነጩ መኪና ባዶውን ከኋላ ይከተለናል። ሚዜው ዘፈኑን እየተቀበለ በእጁ ያጨበጭባል፣ በእግሩ ወለሉን ይደልቃል። ጋሽ ተካልኝ በመስታወቱ እያዩ «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» ይሉታል።

«አይዞዎት አባባ፣ ደስታ ነው!» ይላል። ድም! ድም!

አዌቱ ወንዝ ድልድይ መግቢያ ላይ አንዲት ጉብታ አለች። እሷን ስንወጣ ከሥራችን አቡጀዲ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ነፋስ በቀሚሴ ሥር ገባ። ጎንበስ ብል ሞኬት የለም፣ ላሜራ የለም፤ ያለው አስፋልት ነው፣ እሱም ይሄዳል!

«ጋሽ ተካልኝ፣ ያቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ጭፈራው ደምቆ ስለነበር አልሰሙኝም። ምን ይደረግ፣ አራታችንም ተቀምጠን መራመድ ጀመርን። ወንበራችን ይሄዳል፣ እኛም በእግራችን እንከተለዋለን። ዳር የቆመው ሰው አዲስ ዓይነት ጭፈራ መሰለው፤ አንዲት ሴትዮማ እልልታዋን አቀለጠችው።

በመጨረሻ ጋሽ ተካልኝ በመስታወቱ ፊታችንን አይተው አቆሙ፤ ወርደውም ዞረው አዩ። ላሜራው ከነሞኬቱ ከኋላችን መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ብየዳው ራሱ አልለቀቀም፤ የለቀቀው የተበየደበት ዝገት ነው፣ ዳር ዳሩን ተጣብቆ አብሮ ወጥቷል።

«ልጄ፣ ቃሌን አጠፍኩ» አሉ።

አንጀቴን በሉት። ትርንጎ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። ልታለቅስ ነው ብዬ ትከሻዋን ብይዛት፣ ለካ የምትንቀጠቀጠው ሳቋ አላስቆም ብሏት ነው።

«አባዬ፣ ከቤት በቮልሳችን እወጣለሁ አልኩህ እንጂ በቮልሳችን እደርሳለሁ አልኩህ? ይኸው ወጣሁ። ቃልህን ጠብቀሃል።»

የነጩ መኪና ሾፌር በሩን ከፍቶ ጠበቃት። እሷ ግን በአንድ እጇ አባቷን፣ በሌላው ይትባረክን ይዛ ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። ሰፈሩም እየጨፈረ ተከተላት። ሙዘይን አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይመጣል፤ አባ ፊጣም በከዘራቸው እየተደገፉ። ብዙ ሰርግ አይቻለሁ፣ የራሴንም ጨምሮ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም። ለቮልሷ የምታዝኑ ካላችሁ አትዘኑ። ኋላ ጋሽ ተካልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «በል ቁረጥ» አሉ፤ ሙዘይንም እስከ ጤነኛው ብረት ቆርጦ አዲስ ወለል ሠራላት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትሄዳለች።

አዳራሹ ጋ ስንደርስ የይትባረክ ወገኖች ከበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። የቬሎዋ ጫፍ አቧራ ለብሶ ሙሽራዋ በእግሯ ስትመጣ ሲያዩ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። የይትባረክ አጎት ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ? መኪና አቅርበን የለም ወይ? ሙሽራችን በእግሯ የምትመጣው ንቃችሁን ነው?»

ጭፈራው ቀጥ አለ። ከዚህ ባነሰ ነገር የተበላሸ ሰርግ አይተናልና ልባችን ተሰቀለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሙዘይን ከኋላ። «መቁረጥ ነበረብኝ።»

«እሱን ተዉት!» አሉ ጋሽ ተካልኝ። «በሞቴ ብዬ እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«እምቢ ማለት ነበረብኝ ጋሼ።»

«እምቢ ብትልስ መች እሰማህ ነበር!»

ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ አጎትየው ግራ ገብቷቸው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ያያሉ። «ኧረ አንድ ሰው ይንገረኝ! መኪና እያለ ለምን በእግር መጣችሁ?»

ያን ጊዜ አባ ፊጣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መለሱላቸው፦ «ምን ይደረግ ወንድሜ፣ በዝገት ላይ ቢበይዱ፣ በእግር ነው መንገዱ!»