ከሾላው ጥላ ማዶ

አንድ ደምለው የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር። የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ከጨዉ ይልቅ የሚታወቀው በጉሮሮው ነው። ኳስ ባለ ቀን ብድግ ብሎ "ወይ ፍርድ!" ካለ ሕዝቡ ሁሉ ይከተለዋል። ዳኛው ገና ፊሽካውን ሳይነፋ ደምለው ፈርዶ ጨርሷል።

የከተማዋ ሜዳ ሐይቁን ተጠግቶ የተዘረጋ ነው። በአንዱ ወገን የሾላ ዛፎች ጥላቸውን ጥለዋል፤ በሌላው ወገን ያለው ፀሐይና ትንኝ ብቻ ነው። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከሐይቁ ላይ ስስ ጉም ይነሣና ሜዳውን በዝግታ ያለብሰዋል። ያኔ ተጫዋቾቹ በሕልም ውስጥ የሚሮጡ ይመስላሉ፤ ጩኸቱም ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። እና ማን ሞኝ ነው ጥላ እያለ ፀሐይ ላይ የሚቆም? ሜዳው ከተደለደለ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ኳስ ያየው ከሾላው ሥር ተቀምጦ ነው።

ዳኛው ጋሽ አለልኝ ይባላል። መኖሪያው ሐይቁ መሐል ያለች ደሴት ናት። ደሴቲቱ የራሷ ቡድን ስለሌላት "ይሄ ለማንም አያደላም" ተብሎ ተመረጠ። በታንኳ ይመጣል፣ አጫውቶ በታንኳ ይመለሳል። ዕድሜውን ሙሉ የቀዘፈው ለዚሁ ነው፤ ያቺ ፊሽካ ባትኖር ሐይቁን የሚሻገርበት ጉዳይ አልነበረውም።

ከተማዋ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ጨዋታው ሲያልቅ ከሳሽ ከተነሣ ዳኛው ራሱ በተራው ትልቁ ሾላ ሥር ለፍርድ ይቆማል። ፊሽካውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፤ አየሁ ያለ ሁሉ ይመሰክርበታል፤ ሸንጎው "አጥፍቷል" ካለ ፊሽካው ወደ እጁ አይመለስም። ሸንጎውን የሚመሩት አዛውንቱ ባሻ ተገኝ ናቸው። ከሳሹ ግን ሁልጊዜ ደምለው ነው።

የዋንጫው ቀን የከተማው ቡድን ከሐይቁ ማዶ ከመጣው ቡድን ጋር እኩል ለእኩል ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የደምለው በቅሎ ገመዷን በጥሳ ወደ ፀሐዩ ወገን ነጎደች። "ይቺ የተረገመች! ቀን አጥታ ነው ዛሬ?" እያለ ሜዳውን ዞሮ ተከተላት። ይዟት ቀና ሲል የከተማው አጥቂ በጉሙ ውስጥ ወደ ላይ ሲዘል አየ። ሁሉ ነገር ዝግ ያለ መሰለው። ኳሷ ከጉሙ ወጣች፤ የአጥቂው ግራ እጅ ተዘረጋ፤ ቀስ አድርጎ ወደ መረቡ ገፋት።

ጋሽ አለልኝ ፊሽካውን ነፍቶ ጎሉን ሻረ። ከጥላው ወገን "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ደምለውም እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ወዲያው የማዶዎቹ አገቡና ዋንጫው በታንኳ ሄደ።

ሾላው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። "በግንባሩ ነው የመታት!" አለ አንዱ። "በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!" አለ ሌላው። አልዋሹም። ከጥላው ወገን የሚታየው የአጥቂው ቀኝ ጎን ብቻ ነበር።

"ደምለው፣ በል እንጂ!" አሉ ባሻ። "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው የሚባለው።"

ደምለው ድንጋዩ ላይ ያለችውን ፊሽካ ተመለከተ። ዝም ቢል ፊሽካዋ እዚያው ትቀራለች፤ ቢናገር ሕዝቡ ዓይንህን ላፈር ይለዋል። ጋሽ አለልኝ ፊሽካዋ ትንጠለጠልበት የነበረውን ባዶ ደረቱን ሲዳብስ አየ።

"በእጁ ነው ያገባት" አለ። "ከፀሐዩ ወገን ቆሜ አይቻለሁ።"

"ማን ገዛህ?" "ከሃዲ!" "የማዶዎቹ ገበያ አማረህ?" ስድቡ ወረደበት። ሁሉም እሱ ራሱ ያስተማራቸው ቃላት ነበሩ። እንዲህ እንደሚያቃጥሉ ግን እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

ባሻ ሕዝቡን ዝም አሰኝተው ወደ ዳኛው ዞሩ። "አለልኝ፣ የምትለው አለህ?"

"ዛሬ እንኳ አልተሳሳትኩም" አለ ጋሽ አለልኝ ረጋ ብሎ። "የተሳሳትኩት አምና ነው። በመጨረሻ ያጸደቅሁላችሁ ጎል በእጅ የገባ ነበር። ጉሙ ሸፍኖኝ ኖሮ፣ ያገባው ልጅ መዳፉን ሲያሻሽ ሳይ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?" አሉ ባሻ።

"ልናገር አፌን ስከፍት በትከሻችሁ አነሣችሁኝ። በእልልታ እስከ ታንኳዬ አደረሳችሁኝ። ያን ቀን ሾላው ሥር የጠራኝ ሰው የለም።"

ደምለው ትዝ አለው፤ አምና መጀመሪያ ብድግ አድርጎ የተሸከመው እሱ ነበር፤ ከደስታው ብዛትም አልቅሷል። አሁን ደግሞ ከሐፍረት የተነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፊሽካዋን ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠው። የከለከለው ሰው አልነበረም። ጋሽ አለልኝ አንገቱ ላይ አጠለቃትና ወደ ታንኳው ወረደ፤ ጉሙም ቀስ ብሎ ሸፈነው።

ከዚያ ወዲህ ዳኛ ልክሰስ የሚል ሰው አስቀድሞ ፀሐዩ ወገን ቆሞ ማየት አለበት ተባለ። ምን ዋጋ አለው፣ ትንኙን የሚችል ከሳሽ ጠፋ!

ወዳጆቼ፣ ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። እኛ ግን የምንይዝበት የጎዳንን ስሕተት ነው፤ የጠቀመንን ስሕተት "ጎበዝ ዳኛ!" ብለን በትከሻ እንሸከመዋለን። ዳኛን ማክበር አይሳሳትም ማለት አይደለም፤ እኛ ቆመን ያላየንበት ወገን እንዳለ ማመን ነው። እስቲ ልብዎን ይጠይቁት፦ ለመጨረሻ ጊዜ ዳኛ የሰደቡት፣ እሱ ስለተሳሳተ ነው ወይስ እርስዎ ስለተሸነፉ?