ከጫፉ የተጀመረ ሸንኮራ

አንድ አባት ነበር። ሁለት ልጆች አሉት፤ የሰባት ዓመቷ ትርሲትና የአራት ዓመቱ ኖላዊ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ አንድ ረጅም ሸንኮራ ይገዛና ከበሩ ጀርባ ያቆመዋል። በየቀኑ አመሻሽ ላይ ቢላዋውን ያነሣል፤ ከጫፉ በኩል ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አንጓ ቆርጦ፣ ልጦ ይሰጣል። ከዚያ «በቃ» ይላል። ሸንኮራው ወደ በሩ ጀርባ ይመለሳል።

ለምን ከጫፉ? ሸንኮራ የበላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጫፉ ውሃ ውሃ ይላል፣ ወደ ሥሩ ሲወርዱ ይጣፍጣል። አባት ይህን ያውቃል። ልጆቹ አያውቁም፤ እሱም ነግሯቸው አያውቅም። እነሱ የሚያውቁት የዛሬው ከትናንቱ መጣፈጡን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ትርሲት ከጎረቤት ፊቷን ቋጥራ ተመለሰች።

«ጋሽ ደምሰው ለልጆቻቸው ሙሉውን ሸንኮራ ሰጧቸው። አንተ ግን ቋጣሪ ነህ።»

«ቋጣሪ ምንድን ነው?» አለ ኖላዊ።

«የማይወድህ ሰው ነዋ።»

እናታቸው ከጓዳ ሳቀች። አባት አልሳቀም። አባቶች ሆይ፣ ታውቁታላችሁ፤ ቋጣሪ መባልስ ይቻላል። «የማይወድህ» የምትለዋ ግን ታድራለች፤ አብራችሁ ትተኛለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸንኮራውን እንዳለ ልጦ ሰጣቸው። «እንኩ፤ እንደፈለጋችሁ ብሉ።»

ከጫፉም ከሥሩም ቀመሱ። ከየት የጀመሩ ይመስላችኋል? ከሥሩ ነዋ! መንጋጋቸው እስኪዝል በሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ትርሲት አንዴ ነክሳ ተፋችው።

«ይሄ ሸንኮራ አይደለም፤ ዱላ ነው።»

ያው ጫፍ ነው እኮ! ባለፈው ሳምንት ተሻምተው የበሉት። የተረፈው ለጎረቤት በግ ተሰጠ። ሰኞ «አባዬ፣ ሸንኮራስ?» ሲሉት ከበሩ ጀርባ ምንም አልነበረም።

አባት ተናደደ። ሌላ ሸንኮራ ገዛና «አደብ እስክትገዙ» ብሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው። ልጆቹ እያንጋጠጡ ከረሙ። ሳምንታት አልፈው ሲያወርደውና ሲቆርጠው ውስጡ ቀልቷል፤ ሽታውም ተለውጧል። እናታቸው አሸተተችው።

«እሰይ፣ ጠላ ጠመቅህልን።»

ይህን ጊዜ አባት ሳቀ። ወዲያው ወጥቶ አዲስ ሸንኮራ ገዛ፤ ልጆቹን አጠገቡ አስቀመጠ። ከጫፉ ትንሽ፣ ከሥሩም ትንሽ ቆርጦ አቀመሳቸው።

«የትኛው ይጣፍጣል?»

«ይሄ» አሉ ከሥሩ የተቆረጠውን እየላሱ።

«ከዚህ ብጀምርላችሁ፣ በኋላ ምን ይጠብቃችኋል?»

ትርሲት አሰበች። «ዱላ።»

«ታዲያ አሁንም ቋጣሪ ነኝ?»

«ትንሽ» አለች፤ ግን ጭኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ በየትኛው ቅዳሜ ላይ ናችሁ? «ይወደኛል» እንዲባልላችሁ የልጃችሁን ነገ ዛሬ ልጣችሁ የሰጣችሁ የላችሁም? ስጦታ ሲበዛ ያው ስጦታ ዱላ ይሆናል። ወይስ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀላችሁ አላችሁ? «ጎበዝ፣ ልጄ» የምትለዋን ቃል እስኪያድግ፣ እስኪመረቅ፣ እስኪዳር ያቆያችሁ? አውርዷት። እሷም ትኮመጥጣለች። መቆጠብ ማለት ቆርሶ መስጠት ነው እንጂ መስቀል አይደለም። ደግሞም ለምን እንደምትቆጥቡ ንገሯቸው፤ ያ አባት ብዙ የደከመው ዝም በማለቱ ነው።

እኛስ ብንሆን? እግዚአብሔር ለዛሬ አንድ አንጓ ሲቆርጥልን፣ የጎረቤታችንን ሙሉ ሸንኮራ አይተን «አይወደኝም» ያልንበት ቀን የለም? በቃና ሰርግ ቤት መልካሙ የወይን ጠጅ መቼ እንደወጣ አስታውሱ። ከበሩ ጀርባ የቆመውን እሱ ያውቃል።

የዚያን ቤት ነገር ልጨርስላችሁ። አሁን ሸንኮራው ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ይደርሳል። ዓርብ ዕለት ከሥሩ አንድ አንጓ ይተርፋል፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው። አንድ ዓርብ አባት ለሁለቱ ልጆች ሊከፍለው ሲል ትርሲት እጁን ያዘችው። «የአንተና የእማዬስ?»

ያቺ አንጓ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትቆረጠው አራት ቦታ ነው።