የሽኮኮዋ ቅባትና የቀበሮው ጉሮሮ

ድሮ ነው፤ አራዊት በአፍ ሲነጋገሩ፣ ስሙ በተረሳ አገር። በዚያ አገር አንድ ትልቅ ገደል ነበር። ዛሬ ሰው ጓዳው ተቀምጦ በስልክ ይሸጣል፣ ገዢውን ሳያይ ዕቃ ይልካል ይባላል። ያኔ ስልኩ ገደሉ ነበር። ከወዲህ የጮኸው ማዶ ይሰማል፣ ማዶ የመለሰው ወዲህ ይሰማል። ፊት ለፊት የተያየ ግን የለም።

በወዲህኛው አፋፍ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ አንዲት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ባሏን ባለፈው በጋ ንስር ወስዶባታል። ሦስት ልጆች ቀርተዋታል። የመጨረሻዋ ድምቡሼ ትባላለች፤ ሆዷ ከእግሯ የሚቀድም፣ ሩጫ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት።

ከወዲህ በኩል ዝናብ ከራቀ ቆይቷል፣ ሣር የለም። ማዶው ግን ለምለም ነው። ሽኮኮ ሀብት የላትም፤ ያላት ሙያ ነው። እሬት ጨምቃ፣ ሥር ወቅጣ፣ የግራር ሙጫ ቀላቅላ የምትሠራው ቅባት የተሰነጠቀ ሰኮና ይገጥማል፣ የቆሰለ መዳፍ ያደርቃል። ጧት ጧት ከገደሉ ጫፍ ትወጣና በዚያች በቀጭን ድምፅዋ ትጣራለች፦

«ሰኮና የተሰነጠቀበት፣ መዳፍ የቆሰለበት፣ ቅባት አለ።»

ገደሉም «አለ... አለ...» እያለ ይወስድላታል። ከማዶ አህያው ይመልሳል፣ ፍየሏ ትመልሳለች፣ ድኩላውም እግሩን እያነከሰ ይመልሳል። እሷ ቅባቱን በቅጠል ጠቅልላ ገደሉ ሥር እስካለው ወንዝ ትወርዳለች፤ ከድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች። እነሱ ወስደው በምትኩ ሣርና ባቄላ ያኖሩላታል። ያንን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች።

የምትቆፍር እሷ፣ የምትወቅጥ እሷ፣ የምትጠቀልል እሷ፣ የምትጣራ እሷ፣ የምትወርድ የምትወጣ እሷ። ሁሉም እሷ።

አንድ ቀን ሣሯን ተሸክማ ዳገቱን ስታጋምስ ጥላ በላይዋ አለፈ። ቀና ስትል ንስሩ ክንፉን አጥፎ ወደ ቤቷ ይወርዳል። ሣሩን ጥላ እያፏጨች ሮጠች። ሁለቱ ልጆች ስንጥቁ ውስጥ ገብተዋል። ድምቡሼ ግን ቀርታለች። ንስሩ ጀርባዋን ይዞ ብድግ አደረጋትና ውፍረቷ ከጥፍሩ አሾለካት፤ ቁጥቋጦ ላይ ወደቀች። ንስሩ ጸጉሯን ይዞ ሄደ።

እናትየው የልጇን ጀርባ በገዛ ቅባቷ እየቀባች አሰበች። ወደ ወንዙ ካልወረድኩ በረሃብ ያልቃሉ፤ ከወረድኩ ንስር ይወስዳቸዋል። ሽኮኮ ከጥንት ጀምሮ አንዱ ሲበላ አንዱ ሰማይ ይጠብቃል፣ ሕጓ ነው። እሷ ብቻዋን ናት፤ ሰማዩን ማን ይጠብቅላት?

ሥራዬን ለሌላ ላካፍል አለች።

መጀመሪያ የመጡት አፈ ቅቤዎቹ ናቸው። ጦጣ መጣችና ዛፍ መውጣት ለኔ ነው፣ ሙጫውን እኔ ላምጣልሽ አለቻት። ሽኮኮ ደስ አላት። ጦጣ ሄዳ ዋለች። ስትመለስ እጇ ባዶ፣ ከንፈሯ የተጣበቀ ነበር። ሙጫው የት አለ ስትባል ከንፈሯ ስላልተላቀቀ መልስ አልሰጠችም። ቀጥሎ ጃርት መጣ። መጠቅለሉን ለኔ ተይው፣ እንደኔ ጥንቁቅ የለም አለ። ቅጠሉን ሁሉ በእሾሁ ወንፊት አደረገው፤ ቅባቱ መንገድ ላይ ፈሶ አለቀ። ከማዶ አህያው የላክሽልኝ ቅጠል ነው ወይስ ቅባት ብሎ ጮኸባት። ገደሉም ያንን ስድብ ለአገር ሁሉ አዳረሰው።

ሽኮኮ አፍራ ከደጇ ተቀመጠች። ከእግሯ ሥር አንዲት ጥንዚዛ የእበት ድብልብል በኋላ እግሯ እየገፋች ዳገት ትወጣለች። ድብልብሉ ያመልጣትና ይንከባለላል። ወርዳ እንደገና ትገፋለች። ደግሞ ያመልጣታል። ደግሞ ትገፋለች። ሽኮኮ ብዙ ካየቻት በኋላ ጠየቀቻት።

«እመት ጥንዚዛ፣ ማን ቀጥሮሽ ነው?»

«ማን ይቀጥረኛል ብለሽ ነው፣ እቴ» አለች ጥንዚዛ ሳትቆም። «ካላንከባለልኩ ቀኑ አይመሽልኝም።»

ሽኮኮ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። እስካሁን የቀጠረችው እችላለሁ ያለውን ነው። የሚችል ደግሞ እያየችው ብቻ ይችላል። እሷ የምትፈልገው ባታየውም የማይተወውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ችሎታውን አልጠየቀችም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦

«ማንም ሳይቀጥርህ ምን ስታደርግ ትውላለህ?»

ግንደ ቆርቁርን ጠየቀችው። ግራር እየቆረቆርኩ ትል እፈልጋለሁ አላት። ሙጫውንስ ስትለው፣ ምን ያደርግልኛል፣ አፌን ያጣብቀዋል እንጂ አለ። በል እንግዲህ ቁርቆራህን ከኔ ግራሮች ላይ አድርገው አለችው። እሱ ትሉን ይበላል፣ ሙጫው ለሷ ይፈሳል።

ዝንጀሮን ጠየቀችው። ሥር ስቆፍር እውላለሁ፣ የጣመኝን እበላለሁ፣ የመረረኝን እጥላለሁ አላት። የምትጥለውን ከደጄ ጣልልኝ አለችው። ዝንጀሮ ራሱን አከከ፤ ቆሻሻውን የሚለምነው ሰው አግኝቶ አያውቅማ።

ቁራን ጠየቀችው። ጧት ማዶ እሻገራለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ አለ። ባዶ እግርህን ከምትሻገር አንዳንድ ነገር ጨብጠህ ተሻገርልኝ፤ ስትመለስም የሰጡህን አምጣልኝ አለችው።

ለጥንዚዛም ከእበቷ ጎን ቅባት ሰጠቻት። ጥንዚዛ ቅባቱን ከአቧራው ላይ ስታንከባልለው ቅርፊት አበጀ፤ ቅጠልም አላስፈለገው። ለቁራ እግርም ተመቸ። ሽኮኮ ማታ ከማዶ ከመጣው እህል ለእያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ሳታጓድል ሰጠች። ማንም አልተጣላ፣ ማንም አልሰረቀ። ድሮም የሚያደርጉትን ነዋ የሚያደርጉት።

ወንዝ መውረድ ቀረላት። ግን ከመቀላቀሉ ሌላ ገና ሁለት ሥራ እጇ ላይ አለ። ካልተጣራች ገዢ የለም፤ ለመጣራት ደግሞ ከገደሉ ጫፍ መሄድ አለባት። እዚያ ስትሆን ሰማዩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። የንስሩ ጥላም በየቀኑ ዝቅ እያለ ነው።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከሩቅ ሲያይ ሰንብቷል። አንድ ቀን ጅራቱን ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እመቤቴ ሽኮኮ» አለ፣ «ያንቺ ድካም እንቅልፍ ነሳኝ። ሌላውን ሥራሽን ሌላ ይሥራልሽ፤ እኔ ልጆችሽን ልጠብቅልሽ። ከደጅሽ ተቀምጬ ሰማዩን አያለሁ። ደመወዝም አልፈልግ።»

ቁራ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ እናንተ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ከተገኘ ምን ትጠብቃለች አለ። ዝንጀሮም አያ ቀበሮ ዓይኑ ንቁ ነው ብሎ መሰከረ። ሽኮኮ ግን ጥያቄዋን ጠየቀች።

«አያ ቀበሮ፣ ማንም ሳይቀጥርህ ምን ስታደርግ ትውላለህ?»

«እኔማ» አለ ቀበሮ፣ «ስለ ጎረቤት ሳስብ እውላለሁ።»

«ማሰብ ደግ ነው» አለች ሽኮኮ። «ነገ የብዙ ገዢ ቀን ስለሆነ ከገደሉ ጫፍ እውላለሁ። አንተ ከነገ ወዲያ ትጀምራለህ።»

ቀበሮ እጅ ነስቶ ሄደ። ነገ ገና አልተቀጠረም ማለት ነው። ያልተቀጠረ ቀበሮ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገችው ደግሞ ይኼንኑ ነው።

በማግስቱ ልጆቿን ይዛ ከቤቷ በላይ ካለች ጠባብ ስንጥቅ ገባች። ስንጥቋ የቀበሮ አፍንጫ አታስገባም፣ የንስር ጥፍርም አታስገባም። ከልጆቹ መኝታ ላይ ደግሞ ገና ያልደረቁ ሦስት የቅባት ድብልብሎች አኖረች፤ ጥንዚዛ ከልጆቹ ጸጉር ላይ አንከባልላቸው ሽኮኮ ሽኮኮ ይሸታሉ። ከዚያ ከስንጥቋ ውስጥ ሆና አፏን ወደ ገደሉ አዞረችና ተጣራች፦

«ሰኮና የተሰነጠቀበት፣ መዳፍ የቆሰለበት፣ ቅባት አለ።»

ከዚያ ሆና ድምፅዋ ማዶ ባይደርስም፣ ገደሉ «አለ... አለ...» ብሎ ከታች መለሰ። ቀበሮ ድምፁን ከወደ ገደሉ ሰማና፣ ሴትዮዋ ጫፍ ላይ ናት አለ። በሆዱ እየተሳበ መጣ። ዙሪያውን አየ። ድምቡሼ ከላይ ሆና ልትስቅ ስትል እናቷ አፏን ያዘቻት። ቀበሮ ራሱን ከሽኮኮዋ ቤት ውስጥ አስገባ። መኝታው ላይ ድቡልቡል ነገር ተኝቷል። ያለ ብዙ ሐሳብ ትልቁን ነከሰ።

እሬት ነው። ከእሬቱ ጋር ሙጫ አለ። ሙጫው ጥርሱን ከጥርሱ አጣብቆ ያዘው፣ እሬቱ ከጉሮሮው ደረሰ። መዋጥ አቃተው፣ መትፋትም አቃተው። እየተንደባለለ ከደጅ ወጣ። ከቋጥኝ ጋር ሲታገል ቆይቶ አፉ ድንገት ሲላቀቅለት፣ ያ ሁሉ የታፈነ ጩኸት አንድ ጊዜ ወጣ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ገደሉ ሰምቶ አያውቅም። ማዶውን አልፎ፣ ከማዶው ጀርባ ካለው ሸንተረር ደረሰ። የሽኮኮዋ ቀጭን ድምፅ ደርሶባቸው የማያውቅ በቅሎዎች ከዚያ መለሱ። ምንድን ነው አሉ። አህያውም ቅባት ናት፣ የምትሸጠው ሴትዮ ዛሬ ጉሮሮዋ ተከፍቶላታል አላቸው። እነሱም ለኛም ለኛም እያሉ ገደሉን በጩኸት ሞሉት።

ሽኮኮ ከላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ራሷን ከስንጥቋ አወጣች። ቀበሮ ምላሱን አንጠልጥሎ እንባው ይፈሳል።

«አያ ቀበሮ» አለችው ረጋ ብላ፣ «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ማንም ሳይቀጥርህ ምን ስታደርግ ትውላለህ?»

ቀበሮ የሚዋሽበት አፍ አልቀረለትም። «የተኛ ልጅ እበላለሁ» አለ።

«እሱንስ አየሁ። ሌላስ?»

ቀበሮ አሰበ። «ሌላ... እጮኻለሁ።»

«ለሱ እቀጥርሃለሁ» አለች።

ቁራ ሰምቶ ተቆጣ። ትናንት ደግፎት እንደነበር ረስቶ፣ ልጆችሽን ሊበላ የመጣውን እንዴት ትቀጥሪያለሽ፣ አብደሻል ወይ አላት።

«እኔ የቀጠርኩት ጉሮሮውን ነው፣ ጥርሱን አይደለም» አለች ሽኮኮ። «ጥርሱ የት እንደዋለ ደግሞ ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ከቤቷ ትይዩ፣ ራቅ ብሎ የቆመ ቋጥኝ አለ፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ለመምጣት ረጅሙን ሜዳ ማቋረጥ ግድ ነው። ቀበሮን እዚያ አቆመችው። ከማዶ ቁራ ከሚያመጣው አጥንት ድርሻው እዚያው ይወሰድለታል፤ አንድ እርምጃ ወዲህ ካለ ግን አጥንቱ ይቀራል። ቀበሮ ለልማዱ ይጮኻል፣ ያውም ከልቡ። ማዶው ይመልሳል፣ ግንደ ቆርቁር ይቆረቁራል፣ ዝንጀሮ የመረረውን ይጥላል፣ ጥንዚዛ ታንከባልላለች፣ ቁራ ይሻገራል። ሽኮኮ የምታደርገው መቀላቀሉን ብቻ ነው፤ እሱንም ከደጇ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ፣ በእጇ ዳሰሳ።

ቀን ከቀን እንዲህ ስትቀመጥ ያየ ሁሉ ማማት ጀመረ። ጃርት በደጇ ባለፈ ቁጥር፣ ጌቶች ሆይ፣ አገሩን አሠማርታ እሷ ሰማይ ትቆጥራለች፣ ሀብት ሲመጣ ስንፍና ይከተላል ይላል። እሷ ግን ዓይኗን ለሱ ለማዞር ጊዜ የላትም።

አንድ ቀን በረፋዱ፣ ገበያው ሞቅ ብሎ፣ ከማዶም ከማዶው ጀርባ ካለው ሸንተረርም ጥሪ ሲጎርፍ፣ ጃርትም ከደጇ ቆሞ ሐሜቱን ሲያወርድ፣ ሽኮኮ ከፀሐይዋ ሥር አንዲት ነጥብ አየች። ነጥቧ ገና ነጥብ ሳለች አፏጨች። ልጆቹ ከሜዳው ተበተኑና ሮጡ። ድምቡሼም ሆዷን እየጎተተች ሮጠች፤ ከሁሉ ኋላ ብትሆንም ጊዜ ነበራት። ንስሩ ሲወርድ ያገኘው አቧራ ነው። ጥፍሩን በባዶ መሬት ላይ ፈትጎ፣ ጃርትን አየ፣ እሾሁንም አየ፣ ተጸይፎት ወጣ።

ጃርት ተኮማትሮ ሲንቀጠቀጥ ቆየና ቀና አለ። ከማዶ ጥሪው አልተቋረጠም። ቀበሮው ይጮኻል፣ ቁራው ይሻገራል። ከንስሩ መምጣት የተነሳ የቆመ ሥራ የለም፤ የጎደለ ልጅም የለም። ሽኮኮዋ ዓይኗን አሁንም ከሰማዩ አልነቀለችም፤ ንስር አንድ ጊዜ ስቶ ሁለተኛ እንደሚመለስ ታውቃለች። በእጇ ቅባቷን ትዳስሳለች።

ጃርት ከዚያ ወዲያ ሰነፍ አላላትም። የራሱን ሚስት ሲመክር እንኳ የሷን ስም እያነሳ ነው ይባላል። በዚያ አገር ሥራ የበዛበት ሰው ምክር ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ብዙ አይናገሩም፤ ይህችን ብቻ ይሉታል፦

እጅ ከጎረቤት፣ ዓይን ከቤት።