የወይዘሮ አንጓች ሕመምና የሐይቅ ዳሩ መሬት

በአንድ ወቅት፣ ጣና ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ውስጥ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ታላቁ በወባ ሞቶ ሚስቱ የሻረግ ከሴት ልጇ ጋር አማቷ ቤት ቀርታለች። ታናሹ አስማረ ጎጆ ወጥቶ በሚስቱ አገር የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። የወይዘሮ አንጓች ሀብት አንድ የሐይቅ ዳር መሬት ብቻ ነበር። ክረምት ከበጋ ውሃ አይለየውም፤ ሽንኩርትና ጌሾ ያበቅላል። አንድ ቤተሰብ አጥግቦ ያሳድራል፤ ቢቆራረጥ ግን የሁሉንም ደጅ ለረሃብ ይከፍታል።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ አንጓች ሽንኩርት ሲያርሙ ከሐይቁ የመጣ ነፋስ ግራ ጉንጫቸውን ነካው። ወዲያው ከላይኛው ድዳቸው እስከ ዓይናቸው ድረስ የጋለ ብረት የተሰደደባቸው መሰላቸው። መኮትኮቻው ከእጃቸው ወደቀ። ሕመሙ ሃያ እስኪቆጠር ያህል ቆየና ድንገት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሲጠጡ ተመልሶ መጣ። በማግስቱ ፊታቸውን ሲታጠቡ መጣ። በወሩ መናገርም መብላትም የሚያስፈራቸው ሆነ።

ነጭ ሽንኩርት ያዙበት፤ ቅርንፉድ ነከሱበት፤ ጸበል ተጠመቁ። ድዳቸው አላበጠም፣ ጥርሳቸው አልተቦረቦረም። አፋቸውን ከፍቶ ያየ ሁሉ ምንም አላገኘም። ምንም ስላልተገኘም ሰው ያወራ ጀመር። አንዱ «ዛር ነው» አለ። ሌላው «ልጇ ከሞተ ወዲህ ሰው እንዲያዝንላት ትፈልጋለች» አለ። ይህን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ አንጓች ከሕመሙ ይልቅ በወሬው አለቀሱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ ጉንጫቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ፣ «ከዚህ ስቃይ ያወጣኝ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ የሐይቅ ዳሩን መሬቴን ይውሰድ። እማኝ ሁኑኝ» አሉ።

በመንደሩ ጥርስ የሚነቅለው ገላው ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው፤ አምስት ልጆቹንም የሚያበላው በእሱ ነው። ገላው አንድ ጥርስ ነቀለላቸው፤ ሕመሙ አልሄደም። ሁለተኛውን ነቀለ፤ ሕመሙ ባሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር።

«የግራውን በሙሉ ንቀልልኝ» አሉት። «አንድም እንዳታስቀር።»

ሁለት ሰዎች የወይዘሮ አንጓችን ራስ ያዙ። ገላው ጉጠቱን አስገባና ጥርሱን ጨበጠ። እጁ ግን አልስብ አለው። ጉጠቱን አወጣና ቀደም ሲል የነቀላቸውን ሁለት ጥርሶች እንዲያመጡለት ጠየቀ። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ሰበራቸው። ውስጣቸው ነጭና ጤነኛ ነበር።

«ሁለቱንም ያለ ጥፋታቸው ነቅያለሁ» አለ ገላው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሕመሙ ከጥርስ አይደለም። ከየት እንደሆነ አላውቅም። ከእንግዲህ ግን እኔም አልነቅልም፣ ሌላም አይነቅልዎትም።»

ወይዘሮ አንጓች እግሩ ላይ ወድቀው ለመኑት። ከያዟቸው አንዱ በዱላ መታው። ገላው አልነቀለም። ከሌላ ገበያ ነቃይ ሲጠራም በር ላይ ቆሞ የተሰበሩትን ጥርሶች አሳየውና መለሰው። ከዚያ ቀን ወዲያ «ደህና ጥርስ ነቃይ» የሚል ስም ወጣለት፤ አፉን የሚከፍትለት ሰው ጠፋ፤ ልጆቹ ለእረኝነት በየሰው ቤት ተበተኑ። በዚያው ዓመት በማዶው መንደር እንዲሁ ዓይነት ሕመም የያዛት ሴት ጥርሷን በሙሉ አስነቅላ፣ መንጋጋዋ መግሎ ሞተች።

የሻረግ ደግሞ በጥሞና ትመለከት ነበር። ሕመሙ ነፋስ ሲነካቸው፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲቀምሱና ሳቅ ሲሉ እንደሚመጣ ለየች። በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ደፈነች። ከመቃ ቀጭን ቧንቧ ቆርጣ ለብ ያለ አጥሚት በቀኝ አፋቸው በኩል ታጠጣቸው ጀመር። ሕመሙ ሲነሳ ጀርባቸውን ደግፋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ «ሃያ ሳይሞላ ያልፋል፣ እማማ» ትላቸዋለች። ወንድሞቿ ባለ ብዙ ከብት ባል አግኝተውላት ሊወስዷት መጡ። «እኚህን ሴት ለማን ጥዬ?» አለቻቸው። ተቆጥተው ሄዱ፤ ሁለተኛም አልመጡም።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን የሻረግ ከወፍጮ ስትመለስ ቤቱን ባዶ አገኘችው። ወደ ሐይቁ ሮጠች። ወይዘሮ አንጓች ውሃው ደረታቸው ላይ ደርሶ ወደ ውስጥ እየሄዱ ነበር። የሻረግ ዋና አታውቅም። ገባች። ውሃው አንገቷ ላይ ሲደርስ መቀነታቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ።»

«አልለቅም።»

«አንቺም ትሞቻለሽ፤ ልጅ አለሽ።»

«እንግዲያው ለልጄ ሲሉ ይመለሱ። ዛሬን ብቻ ይዋሉልኝ። የነገውን ነገ እንነጋገራለን።»

ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆሙ። በመጨረሻ ወይዘሮ አንጓች ዞሩ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው የሻረግ «ዛሬንስ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እሺ ይሏታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አስማረ አገር ውስጥ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ፣ በቆላው፣ እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያክም መድኃኒት አዋቂ መኖሩን ከአንድ ነጋዴ ሰምቶ፣ ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ በቅሎና ስንቅ ገዝቶ ሄዷል። ሚስቱ «በምን ልናርስ ነው?» ብትለው «እናቴ ከዳነች በእጄም እቆፍራለሁ» አላት። ዓባይን ሲሻገር ደራሽ ውሃ በቅሎዋን ወሰዳት፤ እሱን ከቋጥኝ አጋጨው። ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ተጣሞ ገጠመ። መድኃኒት አዋቂው ደግሞ የመድኃኒቱን ሥር በዋጋ አልሸጥም አለ፤ «ከዘር እስከ አጨዳ አገልግለኝ» አለው። አስማረ በአንድ እጁ አገለገለ። ሲሰናበት ሰውየው እውነቱን ነገረው።

«ይህ ሥር አንዳንዱን ያሽራል፣ አንዳንዱን አያሽርም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ከሄደ በስምንተኛው ወር ቤት ሲደርስ እናቱ ከስተው አላወቃቸውም፤ እሳቸው ግን ክንዱን አይተው አለቀሱ። ሥሩ ተቀቅሎ ተሰጣቸው። በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ ቆመ። ዓመት ሙሉ ሳይመለስ ቀረ። ወይዘሮ አንጓች ደጅ ወጡ፤ ነፋሱ ፊታቸውን መታው፤ ምንም አልሆኑም።

ያን ጊዜ ቃላቸውን ሊፈጽሙ ሽማግሌዎቹን ጠሩ።

አስማረ ተነሳና «ሕመሙን ያቆመው እኔ ያመጣሁት ሥር ነው። በሬ የለኝም፣ ክንዴም እርፍ አይጨብጥም» አለ።

ሽማግሌዎቹ የሻረግን በመሐላ ጠየቋት። «ሥሩ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ሕመሙ እየራቀ ነበር» አለች። «በቀን አሥር ጊዜ ይመጣ የነበረው ሦስት ጊዜ ሆኖ ነበር። በሥሩ ይሁን በራሱ ጊዜ የቆመው፣ አላውቅም።»

«ራቀ እንጂ ቆመ?» አለ አስማረ።

«አልቆመም» አለች። «ሥሩ ሲመጣ የሚጠጣው ሰው በሕይወት እንዲቆይ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። እኔና ልጄ ከዚህ ቤት ብንወጣ የምንገባበት የለንም።»

ገላው ሳይጠራ አልተነሳም። ሲጠራም «ሁለቱን የነቀልሁ እኔ ነኝ፤ በዚያ ተጠያቂ ነኝ» አለ። «የተቀረውን ብነቅል ግን የማዶዋን ሴት ዕጣ ያገኙ ነበር። ለመታከምም ለመታመምም የሚተርፍ ሰው አይኖርም ነበር። እውነት ስለተናገርሁ እንጀራዬን አጣሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። አንደኛው «ቃሉ ከስቃይ ላወጣኝ ነው የሚለው፤ ያወጣው ሥሩ ነው» አለ። ሁለተኛው «ሥሩ መሆኑን ማን ያውቃል? ከሐይቅ ያወጣቻቸው የሻረግ መሆኗን ግን ሁላችንም እናውቃለን» አለ። ሦስተኛው «ልጅና ምራት ለእናታቸው ማድረግ የሚገባቸውን አደረጉ፤ ባዳው ግን ተመትቶም አልነቀለም» አለ። አልተስማሙም።

በመጨረሻ ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞረው «እርስዎ ይወስኑ» አሏቸው።

እሳቸውም ሦስቱን በየተራ ተመለከቱ።

«ቃል ስገባ የሚያድነኝ አንድ ሰው መስሎኝ ነበር» አሉ። «እኔ መምረጥ አልችልም። ፍረዱልኝ።»

የሽንኩርት መትከያው ወር ደርሷል፤ መሬቱም ጌታውን ይጠብቃል። እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፦ በዚያ ሸንጎ ብትቀመጡ ኖሮ፣ የሐይቅ ዳሩ መሬት ይገባዋል የምትሉት ለማን ነበር፤ ለገላው፣ ለየሻረግ ወይስ ለአስማረ?